ሁለት ሌሊት ያሳደረኝ ሳህን

ዛሬ ጠዋት የቱሉ ዲምቱ ጭቃ አንድ እግር ጫማዬን ሊያስቀረው ምንም አልቀረውም። ቢሆንም ቸኩዬ ገባሁ፤ የአንዲት እናት የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያው እንዲያድግ ሳህን ላይ የተዘራ ሽንት) ላብራቶሪው ውስጥ 37 ዲግሪ ላይ አድሮ ይጠብቀኛል።

ትናንት ማኮንኪ አጋሩ (ባክቴሪያ የምናሳድግበት ምግብ) ላይ ደማቅ ሮዝ ኮሎኒዎች፣ የባክቴሪያ ክምችቶች፣ በቅለው ነበር። ግራም ኔጌቲቭ ዘንግ፣ ማለትም በግራም ቀለም ሮዝ የሚሆን ዘንግ መሰል ባክቴሪያ። ዛሬ ዓይነቱን ለመለየት የኢንዶል ምርመራው ላይ ጠብታዋን ሳሳርፍ ቀይ ቀለበት ወጣ፤ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። (ይህችን ቀለበት ስንት ዓመት አይቼ አልጠገብኳትም።)

ከዚያ ማስመሪያዬን ይዤ ወደ መድኃኒቶቹ፤ በየዲስኩ (መድኃኒት የተነከረ ትንሽ ክብ ወረቀት) ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ክብ በሚሊሜትር ልለካ። የአሞክሲሲሊንን ነገር የሚነግረን የአምፒሲሊን ዲስክ ዙሪያውን ተወርሯል፤ ባክቴሪያው ጥጉ ድረስ በቅሎ 6 ሚሊሜትሯ ዲስክ ብቻዋን ቀርታለች። ሲፕሮፍሎክሳሲን 14፣ እሱም አልቻለውም። ናይትሮፉራንቶይን ግን 22! ጥርት ያለ ክብ። ደም ውስጥ ለገባ ኢንፌክሽን አይሆንም እንጂ ለፊኛ ጥሩ ነው፤ ምርጫውን ለሐኪሙ ትቼ ውጤቱን ጻፍኩ።

እማማ ወረቀቱን ሲቀበሉኝ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ባዶ የአሞክሲሲሊን ማሸጊያ አወጡ። ሦስት ጊዜ ያለ ማዘዣ ገዝተዋል።

«ልጄ፣ ታዲያ ይኼ ሁሉ ምን ሲሠራ ነበር?»

«ደካሞቹን ገድሎ ጉልበተኞቹን ሲያስቀርልዎት ነበር፣ እማማ።»

ማሸጊያውን አገላብጠው አዩትና መልሰው ቋጠሩት።