«ቱ» ካለ ችግር አለ

ደሴ ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ከተማሪዎቼ ደብተር ላይ አዘውትሬ የማርመው አንድ ትንሽ ቃል ነው፤ «ቱ» (too)። አንዷ ልጅ ስለ እናቷ ቡና ስትጽፍ «ዘ ኮፊ ኢዝ ቱ ስትሮንግ» አለች። ማመስገኗ ነበር። እንግሊዝኛ የለመደ አንባቢ ግን «ቡናው ከልክ በላይ ወፍሯል» ብሎ ነው የሚረዳው። «ቬሪ ስትሮንግ» ብትል የእናቷ ሙያ አይነካም ነበር።

በልጅቷ አልፈርድም። የኛ «በጣም» ሁለቱንም ይሸከማል። «በጣም ይጣፍጣል» ስንል ምስጋና ነው። ሻይ ቤት ገብተን «ስኳሩ በጣም በዝቷል» ስንል ደግሞ ቅሬታ። እንግሊዝኛ ግን ቃሉን ይቀይራል።

«ኢት ኢዝ ቬሪ ኮልድ» ማለት የደሴ ጠዋት ነው፤ ጋቢህን ደርበህ ትወጣለህ። «ኢት ኢዝ ቱ ኮልድ ቱ ጎ አውት» ካልክ ግን ቤት ቀርተሃል። ሁለተኛዋ «ቱ» በአንድ «ኦ» የምትጻፈው ናት። ደስ የሚለው ነገር፣ ሁለቱም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ባለ ሁለት «ኦ»ው አጻጻፍ የመጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ለየት ያለም አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ውለታ ሲዋልላቸው «ዩ አር ቱ ካይንድ» ይላሉ። እዚህ ጋ ቅሬታ የለም፤ «ኧረ አበዛኸው» እንደማለት ነው። ይሄንን ለጀማሪ አላስተምርም። መጀመሪያ «ቬሪ» አፋቸው ላይ ትግባ።