ግራፉ ልክ ነበር፣ ድምፁ ግን ጎረነነ

አንድ ሰው ቀደም ብሎ «የስታቲክ ከርቭ (ትራንዚስተር ያለ ጭነት ሲለካ የሚወጣ ግራፍ) አምነህ ማጉያ እንዳትሠራ» ቢለኝ ኖሮ ሦስት ቅዳሜና እሁድ ባልባከነብኝ ነበር።

ጎረቤታችን ከጣና ዳር ወደ ዘጌ ጎብኚ የሚያመላልስ ጀልባ አላቸው። «ሞተሩ ሲጮህ የአስጎብኚው ድምፅ አይሰማም፤ አንተ ኤሌክትሮኒክስ ትማር የለ እንዴ?» አሉኝ። ኮራሁ። ከቢሲ 547 ትራንዚስተር የማይክ ማጉያ ሠርቼ፣ ከጀልባው 12 ቮልት ባትሪ ኃይል ስቤ፣ አሮጌ የስፒከር ማጉያ ሰሌዳ ላይ ልቀጥለው ቆረጥኩ።

ብየዳው ቀላል ነበር። ከርቩንም አወጣሁ፤ የቤዝ (የመቆጣጠሪያው እግር) ከረንቱን 10፣ 20፣ 30 ማይክሮአምፔር ላይ እያቆምኩ፣ የኮሌክተር (ዋናው ከረንት የሚገባበት እግር) ቮልቴጁን እያሳደግኩ የኮሌክተሩን ከረንት መዘገብኩ። ቤታው፣ ማለትም የኮሌክተሩ ከረንት የቤዙን ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ 200 ገደማ ሆነ። የላብ መመሪያው «ማረፊያ ነጥቡን የባትሪው ግማሽ ላይ አድርጉት» ይላል፤ ድምፅ ሳይገባ ትራንዚስተሩ ላይ የሚቀረውን ቮልቴጅ ማለቱ ነው። ኮሌክተሩ ላይ 1 ኪሎኦም፣ ቤዙ ላይ 390 ኪሎኦም ሳደርግ 6 ሚሊአምፔር ገደማ ፈሰሰ፣ ለትራንዚስተሩ 6 ቮልት ያህል ቀረ። መምህሩ ግራፉን አየት አድርጎ ፈረመ። ማጉያው ላይ ምን ጭነት እንደሚቀጠል አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ብቻውን በኦሲሎስኮፕ (የሲግናል ቅርፅ በሚያሳይ መሣሪያ) ሲታይ ያምር ነበር። ጀልባው ላይ ከሰሌዳው ጋር ሲገናኝ፣ አስጎብኚው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር መጎርነን ጀመረ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አሉኝ ጋሼ። ጎብኚዎቹ አማርኛ ባይገባቸውም ሳቁ።

ከዚያ ሞኝነቴ ቀጠለ። ትራንዚስተሩን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ካፓሲተሩን ቀየርኩ። የሐይቁን እርጥበት ሳይቀር ወነጀልኩ! ጥፋቱ ግን ወረቀቴ ላይ ነበር። ስታቲክ ከርቭ ሲለካ ኮሌክተሩ ላይ ጭነት የለም፤ ቮልቴጁን እንደፈለግኩ የምይዘው እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ግን ከረንቱ ሲጨምር ጭነቱ ላይ የሚወድቀው ቮልቴጅ ይጨምራል፣ ለትራንዚስተሩ የሚተርፈው ይቀንሳል። ዳይናሚክ፣ የሥራ ላይ ባሕርይ የሚባለው ይሄ ነው። በዚያ ላይ የሰሌዳው መግቢያ 1 ኪሎኦም ነበር። በመካከል ያለው ካፓሲተር ዲሲውን (የማይለዋወጠውን የባትሪ ከረንት) ይዘጋበታል፣ ድምፁን ግን ያሳልፈዋል፤ ስለዚህ ለድምፁ ሁለቱ 1 ኪሎኦሞች ጎን ለጎን ሆነው 500 ኦም ይሆናሉ። 6 ሚሊአምፔር በ500 ኦም ሲባዛ 3 ቮልት ነው። ወደ ላይ 6 ቮልት የሚወዛወዝ የመሰለኝ ሲግናል 3 ላይ ይቆረጥ ነበር።

ስለዚህ «ግማሽ» የሚለውን ተዉት፣ ጭነቱን አስቀድሙ። የኮሌክተሩን 1000 ኦምና ለድምፁ የሚታየውን 500 ደምሬ፣ 12 ቮልቱን ለ1500 ኦም አካፈልኩ፤ 8 ሚሊአምፔር። ማረፊያው 4 ቮልት ላይ ወረደ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 4 ቮልት ያህል ቦታ ተገኘ። የቤዙን ሬዚስተር ወደ 270 ኪሎኦም ስቀንሰው ጉርናኔው ጠፋ። ይሄም ቢሆን ለዚያችው ትራንዚስተር ብቻ ነው፤ የቢሲ 547 ቤታ ከ110 እስከ 800 ስለሚደርስ፣ ሌላ ብትሰኩ ሁሉም ይፈርሳል። ኢሚተሩ (ሦስተኛው እግር) ላይ ሬዚስተር ጨምሩበት። እኔ ስንፍና ይዞኝ አልጨመርኩም።

በማግስቱ ወደ ዘጌ ሲነሱ ማይኩን ጋሼ ራሳቸው ያዙት። አስጎብኚው እስኪደርሱ ተራ አላገኘም።