በእፍኝ የጨመርኩት ጨው

ሀዋሳ ውስጥ የአምባዛ ዓሣ ጫጩት ማስፈልፈል ስጀምር የምጨነቀው ለውኃው ሙቀትና ለአየሩ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ውኃው ቀዝቀዝ በማለቱ መፈልፈሉ ዘገየ፤ በሞቱት ነጫጭ እንቁላሎች ላይም ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ተነሥቶ ወደ ጤነኞቹ መሻገር ጀመረ። ትልልቆቹን ዓሦች ከሻጋታ የምናክመው በጨው ስለሆነ ያንኑ ጨው በእፍኝ እየዘገንኩ ገንዳው ውስጥ ጨመርኩ። ሲነጋ አረንጓዴ የነበሩት እንቁላሎች አብዛኞቹ ነጥተው፣ የተፈለፈሉት ጥቂቶችም ጀርባቸው ጎብጦ አገኘኋቸው። ባልደረባዬ «ስንት ግራም ነበር?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ፤ ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በዓሣ ሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ያለው ጨው በሊትር ከ9 እስከ 10 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ የገንዳው ውኃ ከዚህ ሲያልፍ ከእንቁላሉና ከጫጩቱ ውስጥ ውኃ ወደ ውጪ ይሳባል። ትልቁ ዓሣ ይህን በስንጥቡና በኩላሊቱ ለጊዜው ይቋቋማል፤ ገና የተፈለፈለው ጫጩት ግን እነዚህ አካላቱ ስላልጠነከሩ ለዕድገት የሚሻውን አስኳል ጨውን በመታገል ይጨርሰዋል።

በሚቀጥለው ዙር ሚዛን ገዝቼ የአንዲት እናት እንቁላል በሦስት ሳፋ ከፈልኩ። ጨው ያልገባበት ሳፋ ደህና ቢፈለፈልም ሻጋታው ጎዳው፤ በሊትር 2 ግራም የገባበት ከሁሉም በለጠ፤ 8 ግራም የገባበት ግን ተፈልፍሎ ሳለ ጫጩቶቹ መብላት ሳይጀምሩ አለቁ። በመፈልፈሉ ብቻ ፈርጄ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛውን ሳፋ ደህና ነው እል ነበር።

ሌላው ጨው ሳላውቅ በምግቡ በኩል ይገባ ነበር። ለጫጩቶቹ የምሰጣት አርቴሚያ የተባለች ደቃቃ የጨው ውኃ ፍጥረት የምትፈለፈለው በሊትር 30 ግራም ያህል ጨው ባለው ውኃ ሲሆን፣ እኔ ግን ከነውኃዋ እገለብጥላቸው ነበር። በትነት የሚጎድለውንም ጨው በገባበት ውኃ ስሞላ ቆይቻለሁ፤ የሚተነው ውኃው ብቻ በመሆኑ ጨው በየቀኑ ይከማች ነበር። አሁን አርቴሚያውን በቀጭን ጨርቅ አጥልዬ በንጹሕ ውኃ አለቀልቃለሁ፤ በየገንዳው ግድግዳ ላይ የመጀመሪያውን የውኃ ልክ በቀለም አስምሬ፣ የተነነውን ጨው በሌለው ውኃ እስከዚያ መስመር እሞላለሁ።