ማዮካርዳይቲስን በአይጥ ማጥናት፦ ሥራው የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ማዮካርዳይቲስ፣ ማለትም የልብ ጡንቻ መቆጣት፣ ብዙ ጊዜ መነሻው ቫይረስ ነው። አንዳንዱ ታማሚ ላይ ግን ቫይረሱ ከጠፋ በኋላም የሰውነት መከላከያ የገዛ ልቡን ማጥቃቱን አያቆምም። ይህን ሁለተኛ ምዕራፍ ለዶክትሬቱ የመረጠ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ቫይረስ በሌለበት የአይጥ ሞዴል ነው፦ ከልብ ማዮሲን (የልብ ጡንቻ ፕሮቲን) የተወሰደ አጭር ፔፕታይድ፣ ማለትም የፕሮቲን ቁራጭ፣ ከፍሮይንድ ሙሉ አድጁቫንት (የሰውነት መከላከያን ከሚያነቃቃ የዘይት ድብልቅ) ጋር ተደባልቆ በ0ኛውና በ7ኛው ቀን ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ መቆጣቱ በ21ኛው ቀን ገደማ ይበረታል። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው መርፌው ከመወጋቱ በፊት ነው።

መጀመሪያ የአይጡ ዘር። ባልብ-ሲ የተባለው የቤተ ሙከራ ዘር ይታመማል፤ ብላክ 6 የተባለው በዚህ ፔፕታይድ እምብዛም አይታመምም። ጂን የተነቀለባቸው አይጦች ደግሞ በብዛት የሚገኙት በብላክ 6 ዘር ነው። ያንን የጂን ለውጥ ወደ ባልብ-ሲ ለማዛወር 10 ትውልድ ያህል ማዳቀል ይጠይቃል፣ ይህም ሁለት ዓመት ገደማ ይበላል። ፕሮፖዛሉ ከመጽደቁ በፊት ይጣራ።

ቀጥሎ ኢመልሽኑ፣ ማለትም የዘይትና የውኃ ውህዱ፤ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ፔፕታይዱ በፒቢኤስ (አሲድነቱ በተመጣጠነ የጨው ውኃ) በሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ሆኖ ይሟሟና ከእኩል መጠን አድጁቫንት ጋር ይቀላቀላል። በዚህ ጊዜ ክምችቱ በግማሽ ይወርዳል፤ ስለዚህ ለአንድ አይጥ 100 ማይክሮግራም ለመስጠት 200 ማይክሮሊትር ያስፈልጋል። ይህን ግማሽ ረስቶ ግማሽ ዶዝ የሚወጋ ሰው ጥቂት አይደለም። ድብልቁ በበረዶ ላይ፣ በሁለት የተገናኙ የመስታወት ሲሪንጆች መካከል ወዲያና ወዲህ እየተገፋ እንደ ለጋ ቅቤ እስኪወፍር ይሠራል። ከዚያ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ይጣላል። ተሰብስባ ከቆየች ደርሷል፤ ከተበተነች ዘይቱና ውኃው ገና አልተዋሃዱም፣ ፔፕታይዱም ቶሎ ታጥቦ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ኢመልሽን ሲወጋ ግማሹ አይጥ ታሞ ግማሹ ጤነኛ ይሆናል፤ ተማሪውም ጥፋቱን ጂኑ ላይ ይፈልጋል። ሲሪንጁ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ስላለ ሲሶ ያህል አስበልጦ ማዘጋጀት ይበጃል።

አድጁቫንቱ ውስጥ የተገደለ የቲቢ ባክቴሪያ አለ። ቲቢ በተስፋፋባቸው አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ያደገ ሰው ሳያውቀው ለባክቴሪያው ተጋልጦ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ራሱን በስህተት ቢወጋ የሚነሳበት ቁስለት ከሌላው ይከፋል። መነጽር ይደረግ፣ በጠመዝማዛ የሚቆለፍ መርፌ ይመረጥ፣ ክዳኑ ተመልሶ አይከደን። ማነጻጸሪያዎቹ አይጦችም ያለ ፔፕታይድ ያንኑ አድጁቫንት ማግኘት አለባቸው፤ ጨው ውኃ ብቻ የተወጋ ማነጻጸሪያ ምንም አይነግርም።

ልቡ ሲወጣ ሌላ ወጥመድ አለ። መቆጣቱ ልቡን ሁሉ እኩል አይዳስስም፣ እዚህም እዚያም ይረጫል። አንድ ስላይድ ብቻ ያየ ሰው የታመመውን ልብ ጤነኛ ሊለው ይችላል። 5 ማይክሮሜትር ውፍረት ያላቸው ቁርጦች ከተለያየ ጥልቀት ይወሰዱ፤ ከ0 እስከ 4 ያለውን የመቆጣት ነጥብ የሚሰጠውም የትኛው አይጥ ከየትኛው ቡድን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይሁን። ከሰው ልብ ለምርመራ የሚቆረጠው ናሙና (ባዮፕሲ) ም በዚሁ ችግር ይሰቃያል። ሴሎቹ በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር በሚለይ መሣሪያ) የሚቆጠሩ ከሆነ ልቡ እስኪገረጣ በፒቢኤስ መታጠብ አለበት፤ አለዚያ በደም ሥር ውስጥ የቀረው ነጭ የደም ሴል ጡንቻው ውስጥ እንደገባ ተደርጎ ይቆጠራል።

ነጥቡ ደረጃ እንጂ ልኬት ስላልሆነ በአማካይና በቲ-ቴስት (አማካዮችን በሚያወዳድር የስታቲስቲክስ ፈተና) ሳይሆን ደረጃዎችን በሚያወዳድረው በማን-ዊትኒ ፈተና ይነጻጸር።

21ኛው ቀን ላይ ማቆምም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ኢንተርሉኪን-17ኤ (የመከላከያ ሴሎች መልእክት የሚያስተላልፉበት ፕሮቲን) የሌላቸው አይጦች መቆጣቱ ቢይዛቸውም ልባቸው ወደ መስፋትና ወደ ጠባሳ እንደማይሄድ አሳይቷል። መቆጣቱንና ጠባሳውን የሚመሩት መንገዶች የተለያዩ ናቸው ማለት ነው፤ በእኔ እምነት ታማሚውን የሚጎዳው ኋለኛው ስለሆነ ከ40ኛው ቀን በኋላ የሚወሰድ ቡድን ከመጀመሪያው ይታቀድ፣ ቁርጡም ጠባሳን በሚያሳየው ማሶን ትራይክሮም በተባለ ቀለም ይቀለም።