ግማሹ የቀረ ስለት

ለቅዱስ ዑራኤል የተሳልኩት ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ጃንጥላ ነው፤ አስገብቻለሁ። ሁለተኛው ያደረገልኝን ለሰው መናገር ነው። እሱን ግን እስከ ዛሬ አሳድሬው ኖርኩ። እናቴ «ይነገር» እስክትለኝ እየጠበቅሁ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ እፍረት ነው። ባለፈው ሳምንት እማዬ ራሷ «የዑራኤልን ዕዳ መቼ ነው የምትከፍዪው?» አለችኝ። ይኸው።

ያኔ የምንኖረው ካዛንቺስ ነበር። ቀበሌ ቤት፣ ስድስት አባወራ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ። ግቢው አሁን የለም። በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ አብሮ ሄዷል። ቧንቧውን ግን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም፣ ዓርብ ዕለት፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። እማዬ የታናሽ ወንድሜን ባዶ ደብተር አነሣችና «መጋቢት 4፦ 1» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ዕለታዊው መግለጫ በተነበበ ቁጥር እሷ ትጽፋለች። የተመረመረ፣ የተያዘ፣ ያገገመ። መጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ሲነገር በቀይ እስክሪብቶ መስቀል አደረገችበት።

ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኔ የምሠራበት ሆቴል ሥራ አቆመ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ አባዬ ሚኒባሱን በግማሽ ሰው መጫን ጀመረ። ሁላችንም ተጨንቀን ስለነበር የእሷ ጭንቀት የተለየ መሆኑ አልታየንም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እጇ መጀመሪያ ደረቀ። ቀጥሎ ነጣ። ከዚያ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ተሰነጣጠቀ። ሊጥ ስታቦካ ደም ጠብ ሲል አየችና ማቡካቱን ተወችው። በረኪና ሳምንት አይቆይም። አባዬ ሲገባ በር ላይ ልብሱን ታስወልቀዋለች። ወንድሜን መሳም አቆመች። ሲጠጋት ግድግዳው ጋ ትለጠፋለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ።

የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስለማይቻል ቴሌቪዥን ከፍተን ቤት ሰገድን። እናቴ ስቅለትን ሳትሰግድ ቀርታ አታውቅም። ያን ቀን ጥግ ላይ ተቀምጣ እጇን እያየች ዋለች። አባዬ ስግደቱን አቋርጦ ወጣ። ደጅ ሲያለቅስ ሰማሁት።

«ጸበል ይበቃታል፣ ለማንም እንዳትናገሩ» ይለን ነበር። አልፈርድበትም። በኛ ሰፈር «አማኑኤል ገባች» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ሆስፒታሉ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ራሱ መሰደቢያ ሆነ። «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት እኮ ነው ስሙ!

ሚያዝያ 22 ዑራኤል ሄድኩ። አጥር ላይ ግንባሬን አስደግፌ «አንድ ሌሊት እንቅልፍ ስጥልኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ፣ ለሰው እናገራለሁ» አልኩት። ምንም የለም። ባሰባት እንጂ። ግንቦት 22 ተመልሼ ሄድኩ። ያን ቀን ጸሎቴ ጸሎት አይመስልም ነበር፤ ወቀሳ ነበር። «አልሰማኸኝም ወይስ አልፈለግህም?» ብዬው ነው የመጣሁት።

እዚህ ላይ ስለ ጎረቤታችን ልንገራችሁ። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ተከራይ ነርስ ነበረች። ሐኪም ቤት ስለምትውል ሁሉም ሸሻት። ሕፃናት እንዳይጠጓት ተከለከሉ። ቡና ሲፈላ አትጠራም። እኔም ሰላምታዬን በሩቅ አድርጌ ነበር። ከሁሉም የከፋችው እናቴ ናት። ልጅቷ ውኃ በቀዳች ቁጥር እየተከተለች ቧንቧውን በበረኪና ታጥባለች። ልጅቷ ታያለች፤ ግን ምንም ተናግራ አታውቅም።

ዑራኤልን ወቅሼ በተመለስኩ በሦስተኛው ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ስነቃ እማዬ አልጋዋ ላይ የለችም። ውጭ ውኃ ሲወርድ ይሰማል። በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። እናቴ በጨለማ እጇን ትታጠባለች። ያቺ ነርስ ራቅ ብላ ቆማለች። ቀስ ብላ መጣችና ቧንቧውን ዘጋችው። አልተቆጣቻትም። ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠችና «እማማ፣ ለማን ፈርተው ነው?» አለቻት።

እኛ «ምን ያስፈራሻል?» ስንላት ነው የከረምነው። ለማን ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

እናቴ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ስምንት ዓመቴ ነበር። ኩፍኝ መጀመሪያ የያዘው እኔን ነው። ከእህቴ ጋር አንድ ቁርበት ላይ ነበር የምንተኛው። እኔ ዳንኩ። እሷ ሞተች። እናቴ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ግን ከዚያ በኋላ ለብቻዬ አስተኛችኝ።»

አክስት እንደነበረችኝ ያወቅሁት በዚያ ሌሊት፣ በር ላይ ቆሜ ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለአባቴም አልነገረችውም። ኮሮና «ለምትወዱት ሰው ታስተላልፋላችሁ» ሲባል እሷ የሰማችው ሌላ ነገር ነበር።

ነርሷ «የስምንት ዓመት ልጅ ሰው አትገድልም፣ እማማ። ኩፍኝ ነው የገደላት» አለቻት። እናቴ ጮኻ አለቀሰች። ግቢው ሁሉ ነቃ። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ነው፤ አክስቴ በ1963 ነው የሞተችው። ይህን ቀን ከቀን ቆጥራ ያሳየቻትም ያቺው ልጅ ናት።

አባዬን ያሳመኑት የንስሐ አባታችን ናቸው። ስልክ ደውሎ ሲነግራቸው «ሲራክ ሐኪምን አክብረው ይላል፣ የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ጸበሉም ይቀጥል፣ ሐኪም ጋም ውሰዳት» አሉት። በራሱ ሚኒባስ፣ አንድም ተሳፋሪ ሳይጭን ወሰዳት። ሐኪሙ ለበሽታው ስም ሰጠው፦ ጭንቀት፣ ከሥሩም ድባቴ። በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ሁለቱ በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ መጨመራቸውን ሲናገር ሰማሁ። ቁጥር ስትጽፍ የከረመችው እናቴ፣ ያኔ በየማታው መግለጫ ከማይነበበው ቁጥር ውስጥ ነበረች።

ክኒኑ ወዲያው አይሠራም። ነርሷ አስቀድማ «ሳምንታት ይፈጃል፣ ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳታቋርጡ» ባትለን እናቋርጠው ነበር። እጅ መታጠቡንም አስተማረቻት፦ በሳሙና፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪያልቅ። «አሜን» ስትል ቧንቧው ይዘጋል። መጀመሪያ ሰሞን ሦስት ጊዜ ትደግመው ነበር። ከዚያ ሁለቴ። ከዚያ አንዴ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ሌሊት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ እማዬ አንኮራፋች። አባዬ ተነሥቶ ተቀመጠና እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ዝም በሉ» አለን። ማናችንም አልተናገርንም። ሦስታችንም እስኪነጋ ተቀምጠን ሰማናት።

ጥር 22 ቀን 2013 ጃንጥላውን ይዘን ሄድን። የተሸከመችው እሷ ናት። እጇ ድኗል፣ ጠባሳው ግን አለ። ነርሷም አብራን ነበረች፤ እናቴ ክንዷን ይዛ ነው የሄደችው። ቅጽሩ ውስጥ ስንደርስ እማዬ ከቦርሳዋ ያንን ደብተር አወጣች። ያልተጻፈበት አንድ ቅጠል ቀደደችና ጉልበቷ ላይ አድርጋ የእህቷን የክርስትና ስም ጻፈች። ለካህኑ ሰጠችና «በጸሎት ያስቡልኝ» አለቻቸው።