የናይል ሸርጣን ልኬት፦ መዝገቤ እስካሁን የደረሰበት

ሳይንሳዊ ስሙ ፖታሞናውቴስ ኒሎቲከስ የሆነውን የናይል ሸርጣን፣ ኡጋንዳ ውስጥ ጂንጃ አጠገብ፣ ወንዙ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት አካባቢ እየያዝኩ፣ እየለካሁ መልሼ መልቀቅ ከጀመርኩ ወዲህ መዝገቤ መልክ እየያዘ ነው። ዝርያው ሳይንሳዊ ገለጻ ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 ሲሆን፣ በጀርባው ቅርፊት ግራና ቀኝ ጠርዝ በተደረደሩት ስል እሾሆች ስለሚለይ ለጀማሪ አያስቸግርም።

የምወስዳቸው ልኬቶች አራት ናቸው፦ የቅርፊቱ ወርድ፣ ርዝመት፣ ከፍታና በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው የግንባር ስፋት። የሚያከራክረው ወርዱ ነው። የእሾሆቹ ጫፍ ከድንጋይ ጋር እየተፋተገ ስለሚሰበር፣ ካሊፐሩ (ባለ ሁለት መንጋጋ የስፋት መለኪያ መሣሪያ) ጫፎቹን ከያዘ እኩል የሆኑ ሁለት ሸርጣኖች የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ የካሊፐሩን መንጋጋዎች በእሾሆቹ መካከል አስገብቼ የቅርፊቱን ጠርዝ ብቻ እይዛለሁ። ከዚያ ሌሎቹን ሦስት ልኬቶች ለግንባሩ ስፋት ሳካፍል፣ ትንሹንና ትልቁን በቅርጽ ማወዳደር ይቻለኛል።

ጾታውን ሳይጽፉ መለካት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከንቱ ድካም ነው። ሸርጣኑ በጀርባው ሲገለበጥ ከደረቱ ሥር የታጠፈው ሆድ በወንዱ ጠባብና ሦስት ማዕዘን፣ ለአካለ መጠን በደረሰችው ሴት ደግሞ የደረቷን ሥር የሚሸፍን ሰፊ ክብ ነው፤ ያልደረሰች ሴት ሆዷ ገና ጠባብ ስለሆነ በችኮላ ወንድ ልትባል ትችላለች። ሴቷ እንቁላሎቿን በዚሁ ሆድ ሥር ትሸከማለች፤ እንደ ባሕር ሸርጣን ተንሳፋፊ እጭ ሳይሆን፣ የወላጁን መልክ የያዘ ትንሽ ሸርጣን ይፈለፈላል።

መቆንጠጫዎቹን ሁለቱንም ለየብቻ እለካለሁ፤ ተቆርጦ እንደገና የበቀለው ከጓደኛው ስለሚያንስ ከንጽጽሩ አወጣዋለሁ። እድገቱ ቅርፊቱን በሚጥልበት ጊዜ በአንዴ የሚታይ በመሆኑ፣ አዲሱ ቅርፊቱ ገና ለስላሳ የሆነውን ሸርጣን ካሊፐሩ ይጎዳዋልና ሳልለካ እለቀዋለሁ።

በቅርቡ በመዝገቡ ላይ «ተለጣፊ» የሚል ዓምድ ጨምሬአለሁ። ምክንያቱም የወንዝ ዳር ዕውርነትን የምታስተላልፈው ሲሙሊየም ኒቪ የተባለችው ጥቁር ዝንብ እጮቿ በምሥራቅ አፍሪካ ወንዞች ሸርጣኖች ላይ ተጣብቀው እንደሚያድጉ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 ታውቋል፤ ስለዚህ ሸርጣኑን ከመልቀቄ በፊት ቅርፊቱንና የእግሮቹን ሥር በማጉያ መነጽር እመለከታለሁ።