የኔፍሮስቶሚ ልምምድ በጄላቲን፦ ከአልትራሳውንድ ወደ ሲ-አርም ስንሻገር

ኔፍሮስቶሚ ማለት በጀርባ በኩል ወደ ኩላሊት ሽንት ማፍሰሻ ቱቦ ማስገባት ነው፤ መርፌው በአልትራሳውንድ፣ ቀሪው ሥራ በሲ-አርም (በቀጥታ በሚያሳይ የኤክስሬይ ማሽን) እየታየ ይሠራል። እኛ የምንለማመደው ከጄላቲን በሠራነው የኩላሊት አምሳያ ነው። ለሐዋሳ ሙቀት 10 በመቶ ጄላቲን አይበቃም፤ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ይላላል። አሁን የያዝነው ልክ ለ1 ሊትር ውሃ 150 ግራም ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ 10 ደቂቃ ይራስ፣ ከዚያ ሳይፈላ በለዘብተኛ እሳት ይሟሟ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ጨምሩበት፤ ያለ ዱቄት የአልትራሳውንዱ ስክሪን ጥቁር ሆኖ መርፌው ያለ ልክ ጎልቶ ይታያል፣ ልምምዱም ያታልላል። አረፋውን በማንኪያ ግፈፉ፣ አንዲት የቀረች አረፋ ከሥሯ ያለውን ሁሉ ትጋርዳለች። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን።

ካሊክሱ (ኩላሊት ውስጥ ሽንት የሚቀበለው ጽዋ መሰል ክፍል) እዚህ ውሃ ተሞልቶ አየር ሳይቀርበት የተቋጠረ የጓንት ጣት ነው። ግማሹ ጄላቲን ከረጋ በኋላ ጣቱን አስቀምጡና ቀሪውን ለብ ሲል አፍስሱ። ትኩስ ከሆነ የታችኛውን ያቀልጠዋል።

ባለ 18 ጌጅ መርፌ በፕሮቡ (በአልትራሳውንዱ በእጅ የሚያዝ ክፍል) ርዝመት አቅጣጫ ይግባ። ዘንጉ በሙሉ ካልታየ፣ ጫፍ የመሰላችሁ ነጭ ነጥብ የዘንጉ መሃል ሊሆን ይችላል። ጓንቱ ጎድጎድ ብሎ ሲመለስ፣ ስታይለቱ (የመርፌው የውስጥ መድፈኛ) ሲወጣም ውሃ ጠብ ሲል ገብታችኋል።

ብዙው ነገር የሚበላሸው ከዚህ በኋላ፣ ወደ ሲ-አርም ስንሻገር ነው። ፕሮቡ ሲቀመጥ መርፌው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ከቆዳው አጠገብ ይያዘው። ውሃው ብዙ ከፈሰሰ ካሊክሱ ይሟሽሽና ዋየሩ (በመርፌው ውስጥ የሚያልፈው መሪ ሽቦ) ውጭ ይጠቀለላል። ወደ ካሊክሱ የሚገባውን ኮንትራስት (በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ) በእኩል መጠን ሳላይን አቅጥኑት፤ ወፍራሙ ዋየሩን ይደብቃል። ሲሪንጁ ውስጥ አየር ካለ ደግሞ ወደ አልትራሳውንድ መመለሻ የለም። በበሽተኛ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፦ ኢንፌክሽን ባለበት ኩላሊት ከቀዳችሁት በላይ አታስገቡ፣ ባክቴሪያው ወደ ደም ይገፋል።

ሲ-አርሙ ቀጥ ብሎ ከላይ ሲያይ ከካሊክሱ በላይ የቆመ መርፌም የገባ ይመስላል። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አዘንብሉት፤ ጫፉና ካሊክሱ ከተለያዩ ጥልቀቱ ተስቷል። ባለ 0.035 ኢንች ዋየር ካለፈ በኋላ 6 ከዚያም 8 ፍሬንች (የውፍረት መለኪያ ነው) ዳይሌተር፣ ማለትም ቀዳዳውን የሚያሰፋ ቱቦ፣ ይከተላል። ዳይሌተሩ ከዋየሩ መስመር ከወጣ ዋየሩ ይታጠፋል፤ በጉልበት መግፋት ያብሰዋል። እጃችሁ ከጨረሩ ውጭ ይሁን፣ ጄላቲን ነው ተብሎ ሊድ ጋወን (ከጨረር የሚከላከል ልብስ) አይተውም።

ሲቲ ስካኑን በተመለከተ፦ አንጀቱ ከኩላሊቱ ኋላ መሆን አለመሆኑን ለማየት ወሳኝ ነው። ጥልቀት ግን ከሱ አትውሰዱ። ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በጀርባ ተኝተው ነው፣ የምንወጋው ደግሞ በሆድ አስተኝተን፤ በአልትራሳውንድ እንደገና ይለካ።

ጄላቲን አይተነፍስም፣ እንደ በሽተኛ ኩላሊት ከትንፋሽ ጋር አይንቀሳቀስም፤ ይህ ትልቁ ጉድለቱ ነው። ቀጣዩ ልምምድ አንድ ሰው ዕቃውን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ እየገፋ ነው፤ መርፌውም ዕቃው ቆም ሲል ብቻ ይገባል።